ለኅዳር ጽዮን ይደርሳል ያልኩት ስልክ

ሥራ ካቆምኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ፤ እጄ ግን እስካሁን አላመነም። ድሬዳዋ ልጄ ቤት ተቀምጬ ሰው ስልኩን ሲያወጣ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ ፊቱ ሳይሆን ወደ ጣቱ ነው። በጫፉ ነው የሚነካው ወይስ በጎኑ? እስክሪኑ ላይ ያስለጠፈው ላስቲክ አየር ይዟል ወይስ አልያዘም? ልጄ «እማዬ፣ ሰው ላይ አታፍጪ» ትለኛለች። ምን ላድርግ፤ ከሃያ ዓመት በላይ እንጀራ የበላሁበት ነው።

ሰሞኑን ደግሞ ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ላይ አዲስ ስልክ ሊወጣ ነው የሚል ሸራ ተሰቀለ። ስልኩ አይታይም። ጥቁር ጨርቅ የለበሰ ነገር ተሥሎ ከሥሩ «በቅርቡ! ይጠብቁ!» ይላል። እታች ባለው ሱቅ የሚሠራው ጎረምሳ፣ እንደ አገሩ ልማድ ታላቅ ታናሽ ሳይለይ፣ «ነይ እማ፣ ተመዝገቢ፣ ቀድመሽ ትወስጃለሽ» አለኝ። እኔ ባደግሁበት አገር እንኳን ሰውን የሰውን በቅሎ አንቱ ለማለት ምንም አይቀራቸውም። ሳቅ አልኩና «መቼ ነው የሚመጣው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«በቅርቡ ነዋ!»

ይህን ቃል እኔም ብዬው አውቃለሁ። ገበያ ምን ልገዛ እንደወጣሁ ጠፍቶኝ ባዶ ዘንቢል ይዤ ተመለስኩ።

የተረበሽኩት ግን በሸራው ብቻ አይደለም። ባለፈው ሳምንት እሑድ ከቡሬ ተደውሎ ትርንጎ ልትመጣ ነው ተባልኩ። ትርንጎ፣ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ካለች ቀበሌ ተነሥታ ዓረብ አገር የሄደች ልጅ ናት። እናትዋ እማማ አንጓች የኔው ሰበካ ሰው ናቸው፤ እኔም የተወለድኩት እዚያው ነው። ልጅቱ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ልትገባ ነው። ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ለእናትዋ ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ፤ ከመድረስዋ በፊት ልንገራቸው ወይስ ልተወው እያልኩ ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እመላለሳለሁ። ጸሎት ስጀምር እንኳ መሐሉ ላይ ይጠፋኛል። ነገሩ ከሥራዬ የመጣ ስለሆነ ከሥራዬ ልነሣ።

ሥራ የጀመርኩት ቡሬ ላይ ሰው በማስደወል ነው። ያኔ ስልክ ማለት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሮ ተራ የሚጠብቀው ነገር ነበር። የኔ ሥራ ተራ መጥራትና ደቂቃ መያዝ ነው። ተንቀሳቃሽ ስልክ ሲመጣ አግዳሚው ወንበር ባዶውን ቀረ። እኔንም ጋሽ ገደፋው ወሰዱኝ። ጋሽ ገደፋው ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፤ ከሬዲዮው ጎን ስልክ መሸጥ ጀምረው ረዳት ይፈልጉ ነበር። ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ከእሳቸው ነው።

ጋሽ ገደፋው ዕቃ አያሞግሱም። ገዢ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ለማን ነው?» ብለው ነው። ለራሱ ከሆነ እጁን ያያሉ። መዳፉ በእርፍ የጠነከረ ገበሬ ከሆነ ቁልፉ ሰፋ ያለውን ያቀርባሉ። ቀጥለው «ቤትዎ ከየት ወገን ነው?» ይላሉ። ከጅጋ እስከ ሽንዲ የትኛው ጉብታ ላይ ኔትወርክ እንደሚይዝ፣ የትኛው ሸለቆ ውስጥ እንደሚጠፋ በቃላቸው ያውቁታል። ለቅሶም ይሂዱ ሰንበቴ፣ ስልካቸውን አውጥተው መስመሩን ሳይቆጥሩ አይመለሱም። «ገደፋው ሬሳ ሊቀብር መጥቶ አንቴና ሲቆጥር ዋለ» እያለ ሰው ያማቸው ነበር። እሳቸው ግን ሸለቆ ውስጥ ለሚኖር ሰው ስልክ ሲሸጡ «ቤትዎ አይሠራም፤ ከዋርካው በላይ ሲወጡ ይሠራል» ብለው ነግረው ነው። አንዳንዱ ይህን ሰምቶ ሳይገዛ ይሄዳል። ይሂድ ይላሉ።

ስልኩን ገዢው መዳፍ ላይ የሚያስቀምጡት ጠፍቶ እንዳለ ነው። «ራስዎ ያብሩት» ብለው ዝም። ሰውየው ይፈራል፣ ያገላብጣል፣ ይሳሳታል። እኔ አላስችል ብሎኝ እጄን ስዘረጋ ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ ኳ! ያደርጋሉ። ሰውየው ከሄደ በኋላ «አንቺ ካበራሽለት ስልኩ ያንቺ ሆነ ማለት ነው። ቤቱ ሲደርስ ማን ያበራለታል?» አሉኝ።

ተች ስልክ ሲመጣ ሌላ ጣጣ መጣ። የገበሬ ጣት ጫፉ የደረቀ ነው፤ መስተዋቱ አይሰማውም። ሦስት ጊዜ ነክቶ እንቢ ካለው «ይኸ ነገር በሽተኛ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። እኔ ጣቱን በእርጥብ ጨርቅ አስጠርጌ፣ በጫፉ ሳይሆን ከጥፍሩ ጎን ባለው ለስላሳ ሥጋ እንዲነካ ማድረግ ጀመርኩ። ሠራ። ጋሽ ገደፋው አዩኝ። በማግስቱ ለእርጥቡ ጨርቅ ማስቀመጫ የሚሆን ሳህን ከቤታቸው ይዘው መጡ። ምስጋናቸው እንዲያ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የማይሽሩት አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ሳይቀመጥ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ሰው «አዲሱ መቼ ይመጣል?» ሲላቸው «ሲመጣ» ይላሉ።

«ኧረ ቀን ይቁረጡልን ጋሼ!»

«ቀን የምቆርጥ እኔ ማን ነኝ? ዕቃው ያለው መርከብ ላይ፣ መርከቡ ያለው ባሕር ላይ፣ ባሕሩ ያለው በእግዜር እጅ።»

ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲል ሱቁን ዘጉ። እኔ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ከአንድ አስመጪ ወኪል ዘንድ የስልክ አስተዋዋቂ ሆኜ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ከቡሬው ይሻል ነበር። ማታ ማታ ስንት ሰው ጠየቀ፣ ስንት ሰው ነካ የሚል ቅጽ ይሞላል፤ እሱን እንኳ ለመድኩት። ያልለመድኩት አለቃዬን ናሆምን ነበር። ከአዲስ አበባ በስልክ የሚያዘኝ፣ አንዳንዴ ብቅ የሚል፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ፈጣን ጎበዝ ነው።

«እትዬ የሺ፣ ስሚኝ። ስልክ የሚሸጠው ሲገባ አይደለም፤ ከመግባቱ በፊት ነው።»

«ያልገባ ነገር እንዴት ይሸጣል?»

«ናፍቆቱ ነዋ የሚሸጠው! ገበያው መጦዝ አለበት!»

አንድ መስከረም ላይ አዲስ ስልክ ሊወጣ ነው ብሎ ሸራ፣ በራሪ ወረቀትና ባዶ ቀፎ ላከልኝ። ባዶ ቀፎ ማለት ስልክ የሚመስል ፕላስቲክ ነው፤ ውስጡ ምንም የለም፣ ፊቱ ላይ የምትስቅ ቆንጆ ልጅ ሥዕል ተለጥፎበታል። የሚገባበትን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፎልኛል። ወደ እኛ ስመልሰው ኅዳር ሃያ አንድ ሆነ። ኅዳር ጽዮን! አማተብኩ። ይህን እንደ በጎ ምልክት ቆጠርኩት፤ ናሆም ሳያዘኝ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየገበያው «ለኅዳር ጽዮን ይደርሳል» ማለት ጀመርኩ። ሰው የፈረንጁን ቀን ብነግረው በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያወጣው ነበር። ጽዮን ስለው ግን ከልቡ ያዘው።

ሸራው በተሰቀለ ሰሞን ጋሽ ገደፋው ለጉዳይ ፍኖተ ሰላም መጥተው ሊጠይቁኝ ጎራ አሉ። ከዘራቸውን ወደ ሸራው ቀሰሩ።

«ዕቃው የታል?»

«ለኅዳር ጽዮን ይደርሳል ጋሼ።»

ከዘራቸውን አወረዱና «እሷው ነግራሽ ነው?» አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

አሁን ወደ ማኅበሩ ልምጣ። በትውልድ ቀበሌዬ የማርያም ማኅበር አለን፤ ወር በገባ በሃያ አንድ ጽዋ ይጠጣል። እናቴ ስታርፍ ቦታዋን እኔ ያዝኩ፤ ፍኖተ ሰላም ሆኜም አላጓድልም ነበር። ጥቅምት ሃያ አንድ ባዶውን ቀፎ በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። ጸሎት ደርሶ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ አወጣሁትና ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

አያ ደመላሽ የተባሉ ቀልደኛ ጎረቤታችን መዘን መዘን አድርገው «ይኸስ የገለባ ነው እንዴ? ነፋስ ቢመጣ ከነጥሪው ይወስደዋል» አሉ። ሰው ሳቀ። «ይኸ ሞዴሉ ነው፤ ዋናው ክብደት አለው» አልኩ።

ቀፎው እማማ አንጓች እጅ ደረሰ። ወደ ግራ ዓይናቸው አስጠጉት፤ አፍንጫቸው እስኪነካው ድረስ አስጠጉት። በሥዕሉ ላይ የምትስቀውን ልጅ ቆይተው ቆይተው አዩና «ትርንጎ ናት?» አሉ።

ሳቁ ሁሉ ቆመ። ነገሩን የማያውቅ የለም። እማማ አንጓች የዓይን ግፊት ይዟቸው ባሕር ዳር ታይተዋል፤ ሐኪሙ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ጠብታው ለጊዜው ሊያቆየው እንደሚችል ነግሯቸዋል። ቀኝ ዓይናቸው ሄዷል፣ ግራው እየሄደ ነው። ትርንጎን ከሸኙ ያኔ ሰባት ዓመታቸው፤ ድምፅዋን እንጂ ፊትዋን አላዩም። ምኞታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ዓይናቸው ሳይጨልም የልጃቸውን ፊት አንዴ ማየት። ትርንጎ አሠሪዎችዋ ስልክ እንድትነካ የሚፈቅዱላት እሑድ ከሰዓት ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ በምስል ለመደወል የሚበቃ ኔትወርክ ይገኛል፤ ይህን ራሴ ሄጄ አረጋግጬ ነበር። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ወጥተው፣ እዚያ ያለውን ተች ስልክ ሊገዙ ቆርጠዋል። እሑድ ትርንጎን ሊያዩ ነው። አራት ቀን ብቻ ቀርቷቸው ነበር።

እኔ ምን አልኩ? «እማማ፣ አንድ ወር ብቻ ይታገሡ። የቡሬው መስተዋቱ ጠባብ ነው፣ ብርሃኑም ደካማ ነው። ይኸኛው ለዓይንዎ ይስማማል። ለኅዳር ጽዮን ይደርሳል።»

«ለጽዮን?»

«ለጽዮን።»

ተነሡ። ነጠላቸውን አደግድገው እጃቸውን ዘረጉ። «እናቴ ጽዮን፣ በቀንሽ በሚመጣው የልጄን ፊት አሳይኝ። ጃንጥላ አስገባልሻለሁ። እስከዚያ በሌላ አላያትም።»

ማኅበሩ በአንድ ድምፅ «አሜን» አለ። እኔም አልኩ፣ ከሁሉ ጮክ ብዬ።

ኅዳር ሃያ አንድ ደረሰ፤ ስልኩ አልደረሰም። ናሆም «ትንሽ ዘግይቷል» አለ። መንገዱም አንድ ሰሞን ክፍት፣ አንድ ሰሞን ዝግ ነበር። ፍኖተ ሰላም ገበያ ውስጥ ማለፍ አቃተኝ።

«እትየ የሺ፣ ስልኩ ጾም ያዘ እንዴ?»

«ከሱና ከምጽአት የቱ ይቀድም ይሆን?»

ጅጋ ላይ አንድ ገበሬ፣ «የኔ አህያ ሄዳ ብታመጣው እስካሁን ደርሳ ነበር» አለኝ፤ አህያይቱን እየደባበሰ፣ ፊቱ ሳይፈታ። ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት የአንዲት ሴት ነገር ነው። ተከታዩ እሑድ ላይ በራሴ ስልክ ካርድ ሞልቼ፣ ቻርጅ አድርጌ እማማ አንጓች ቤት ሄድኩ።

«ይነሡ እማማ፣ ኮረብታው ላይ እንውጣ። በኔው ስልክ ትርንጎን እንያት።»

«አይሆንም የሺ። ተስያለሁ።»

«ስለቱን...»

«አሜን ያልሽ አንቺ አይደለሽም? ለጽዮን ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ጽዮን አታብልም። የኅዳሩ ቢያልፍ በየወሩ ሃያ አንድ አላት።» ሊሸኙኝ ሲነሡ የበሩን መቃን በመዳፋቸው ዳብሰው ነው ያገኙት። በጥቅምት እንዲህ አልነበሩም።

በቀጥታ የሄድኩት የንስሐ አባቴ መምሬ አንለይ ዘንድ ነው። የእማማ አንጓችም ንስሐ አባት እሳቸው ናቸው። ሁሉን ነገርኳቸው። ረጋ ብለው ሰሙና «ስለት ይፈታል፤ እሱ አያስቸግርም» አሉ። «እሳቸውን ያሰራቸው ግን ስለታቸው አይደለም፣ ያንቺ ቃል ነው። ማርያም ቀን እንዳልቆረጠች ከእኔ ቢሰሙ ቄሱ አባበለኝ ይላሉ። የተናገርሽበት ቦታ ቁሚና ‹ቀኑ የነጋዴ ነው፤ የጽዮንን ስም የጨመርኩበት እኔ ነኝ› በይ። ያኔ እፈታላቸዋለሁ።»

«እላለሁ አባቴ» አልኩ።

ታኅሣሥ ሃያ ናሆም ደወለ። «እትዬ፣ ዕቃው ከጉምሩክ ሊወጣ ነው፤ ለገና እጅሽ ይገባል! በዚህ ሰዓት ሰው እንዳታቀዘቅዢብኝ!» በማግስቱ ማኅበሩ መሐል ቆምኩ። መምሬ አንለይ ያዩኛል። እማማ አንጓች ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለዋል፤ ያን ጊዜ በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነበር ሰው የሚያዩት። አፌን ከፈትኩ።

«ለገና ይደርሳል» አልኩ።

«አሜን» አሉ እማማ አንጓች።

መምሬ አንለይ የያዙትን ጽዋ አስቀምጠው ወጡ።

ናሆምን ፈርቼ ነው፣ እንጀራዬን ፈርቼ ነው እያልኩ ራሴን ብዙ ጊዜ ሸንግያለሁ። አይደለም። የፈራሁት በእናቴ ቦታ ተቀምጬ መዋረድን ነው። በሥራ ዘመኔ የተበላሸ ስልክ ሸጫለሁ፣ ተሳስቼ የሰው ስም አጥፍቻለሁ፣ ተቆጥቼ ሰው አስቀይሜያለሁ። እነዚህን ተናዝዣቸዋለሁ፤ ይቀለኛል። ያቺ «ለገና» ግን አትቀለኝም።

ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ዓቢይ ጾም ገባ። ስልኩ የመጣው በመጋቢት ነው። ካርቶኑ ሲከፈት ናሆም ፎቶ እንዳነሣ፣ ሙዚቃ እንዳስከፍት አዞኝ ነበር። አንዱን ስልክ አወጣሁ፣ ሲም አስገባሁበት፣ ሱቁን ለባልደረባዬ ትቼ ተሳፈርኩ። ቀኑ እሑድ ነው።

እማማ አንጓች ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። «መጣልዎ» አልኳቸው። ስልኩን መዳፋቸው ላይ ሳስቀምጥ ክብደቱን ለኩት፣ ዳር ዳሩን ዳበሱት፣ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። አበራሁላቸው።

«እንዴት ነው እማማ?»

«ብርሃን አለው። እንደ ጎሕ ነው የሚታየኝ» አሉ። «ሌላ ነገርስ አለበት?»

እጃቸውን ይዤ ኮረብታው ላይ ወጣን። ደወልኩ፤ ትርንጎ አነሣች።

«እምዬ! እምዬ!»

«መጣች?» አሉኝ እማማ፣ ልጅቱ ድምፅዋ እየተሰማ።

«መጥታለች።»

«እሷስ? እሷ ታየኛለች?»

«ታይዎታለች።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከግንባራቸው ላይ ላቡን ጠረጉ፣ ፊታቸውን ብርሃን ወዳለበት ቀና አድርገው ዝም ብለው ቆሙ። ትርንጎ ወዲያ ማዶ ታለቅሳለች። እሳቸው አላለቀሱም፤ ልጃቸው እስክትጠግብ ፊታቸውን ሳያዞሩ ቆመው ታዩላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«የሺ፣ አንቺ ንገሪኝ። ምን ትመስላለች? እንደ ስልክ እንዳታሻሽጪልኝ፤ እንዳለች ንገሪኝ።»

ስልኩን ወደ እኔ አዞርኩ። ግንባርዋ የእናትዋ ነው። ከስታለች። ሠላሳ ሳይሞላት ጆሮ ግንድዋ ላይ ሽበት አለ። ፍንጭት ጥርስዋ እንደ ልጅነትዋ ነው። እና ግራ ጉንጭዋ ከጆሮዋ ሥር እስከ አገጭዋ ድረስ ተቃጥሎ የዳነ ነው፤ ቆዳው ተጨማዶ የከንፈርዋን ጫፍ ጎትቶታል። ማየቴን አየች። ጣትዋን ከንፈርዋ ላይ አድርጋ ራስዋን ነቀነቀች፣ በዓይንዋ ለመነችኝ።

ግንባርዋን ነገርኳቸው። መክሳትዋን ነገርኳቸው፤ ሽበቱን እንኳ አልሸሸግሁም። ፍንጭት ጥርስዋን ስነግራቸው ሳቁ።

«ጉንጭዋስ? ትንሽ ሳለች ጉንጭዋ ድፎ ዳቦ ነበር።»

«ጉንጭዋ ደህና ነው» አልኩ።

ዕቃ ሳሞግስ በኖርኩበት ድምፅ ነው ያልኩት። ራሴ ሰማሁት።

በሚያዝያ ማኅበር ላይ ቆሜ፣ ቀኑ የነጋዴ እንደነበረ፣ የጽዮንን ስም የጨመርኩት እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። አንዳንዱ አጉረመረመ። አያ ደመላሽ እንኳ ቀልድ አጣ። እማማ አንጓች ብቻ «ስለቴማ ደርሷል፤ ልጄ አይታኛለች። ጃንጥላውን አስገብቻለሁ» አሉ። እውነትም አስገብተዋል። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ያህል ሠራሁ፤ ባዶ ቀፎ መያዝ ግን እጄ እንቢ አለኝ። ልጄ ድሬዳዋ ላይ ስትወልድ ልረዳት መጣሁና በዚያው ቀረሁ። የጉንጩን ነገር ለመምሬ አንለይ እንኳ አልተናዘዝኩትም፤ ምስጢሩ የትርንጎ ነው እያልኩ።

ትርንጎ የፊታችን ዓርብ ትገባለች። እማማ አንጓች አሁን ብርሃንም አይታያቸውም፤ ሰው የሚያዩት በመዳፋቸው ነው። ልጃቸው ደጃፍ ስትደርስ መጀመሪያ የሚይዙት ጉንጭዋን ነው። ይህን እያሰብኩ ነው ሳምንቱን ሙሉ የተንቆራጠጥኩት። ትናንት እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ግን አንድ ነገር ለየሁ። ጠባሳው የትርንጎ ነው፤ «ደህና ነው» ያልኩት ቃል ግን የኔ ነው። ከሰዓት በኋላ ለትርንጎ ደወልኩና ልነግራቸው እንደሆነ አስታወቅኋት። «እኔማ አቅቶኝ ነው እትየ፤ አንቺው ንገሪያት» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ለእማማ አንጓች ደወልኩ።

«የሺ ነኝ እማማ።»

«የሺ! ሙቀቱ ገደለሽ ወይስ ለመድሽው? ልጄ ልትመጣ ነው፣ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ። እማማ፣ ያን ጊዜ ኮረብታው ላይ ጉንጭዋን ጠይቀውኝ ነበር። ዋሽቻለሁ። ተቃጥሎ የዳነ ጠባሳ አለባት። ትልቅ ነው። ከጆሮዋ ሥር እስከ አገጭዋ ይደርሳል።»

ከወዲያ ዶሮ ሲጮኽ፣ ሰው ከሩቅ ሰላምታ ሲሰጣቸው ይሰማኛል። እሳቸው ለሰላምታው እንኳ አልመለሱም። የተቋረጠ መስሎኝ «እማማ?» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «ያማታል?»

«ድኗል፤ አያማትም ብላኛለች።»

«በየትኛው በኩል ነው?»

«በግራ።»

«እንግዲያ በቀኙ አስቀድሜ እስማታለሁ» አሉ። «ሳላውቅ ነክቼው ቢሆን እጄ ይደነግጥባት ነበር።»